የአያት ቅድመ አያቶች ፎቶግራፎች፦ ታሪካቸው፣ አነባበባቸውና አጠባበቃቸው

በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ በብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ ወይም በልብስ ሣጥን ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ይገኛል። ካባ የደረቡ አባት፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት፣ ከኋላ ቀጥ ብለው የቆሙ ልጆች ይታዩበታል። ወረቀቱ በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በምስሉ ላይ ያሉት ሰዎች ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ በወረቀቱ ላይ አልሰፈረም። የሚገኘው በአንድ ሽማግሌ ወይም በአንዲት አሮጊት አንደበት ብቻ ነው። እርሳቸው ሲያልፉ የቤተሰብ መዝገብ የነበረው ምስል የማይታወቅ ሰው ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ የቀደሙ ቤተሰቦችና የታዋቂ ሰዎች ፎቶግራፎች በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመሩ፣ ምን እንደሚናገሩ፣ እንዴት እንደሚነበቡና እንዴት እንደሚጠበቁ ያብራራል። እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ከሌለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከፎቶግራፍ በፊት የነበረው ምስል

ሰውን ከነመልኩና ከነማዕረጉ በምስል ማስቀረት በኢትዮጵያ ከካሜራ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ወይም መጽሐፍ ያስጻፉ ነገሥታት፣ መኳንንትና ወይዛዝርት በግድግዳና በብራና ላይ ይሣሉ ነበር። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት በምትገኘው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ሥዕሉ የ18ኛው ምዕተ ዓመት ሥራ ነው።

የቀድሞዎቹ ሠዓሊያን አንድ ጠቃሚ ልማድ ነበራቸው። ከተሣለው ሰው አጠገብ ማንነቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ያኖሩ ነበር። ባለ ሥዕሉ ማን እንደ ሆነ፣ የማንን አማላጅነት እንደ ተማፀነ በግዕዝ ይጻፋል። በዚህም ምክንያት ከሦስት መቶና ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ለጋሽ ስሙ እስከ ዛሬ ይነበባል። በአንጻሩ ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በፊት ፎቶግራፍ የተነሡ ብዙ ሰዎች ዛሬ ማንነታቸው አይታወቅም።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ

ፎቶግራፍ በፈረንሳይ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1831 ነው። በኢትዮጵያ ፎቶግራፍ በማንሣት ከሚታወቁት ቀዳሚዎች አንዱ በ1850ዎቹ መጀመሪያ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመጣው ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርን ነው። ከዚያም በ1860 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የጦሩ መሐንዲሶች ክፍል የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዞ ዘመተ። መንገዱን፣ ተራሮቹን፣ የጦር ሰፈሮቹንና በየስፍራው ያገኛቸውን ሰዎች አነሣ።

የዚያ ዘመን አሠራር አድካሚ ነበር። ፎቶ አንሺው መስታወት በኬሚካል ቀብቶ፣ ሳይደርቅ በካሜራው ውስጥ አስገብቶ ካነሣ በኋላ፣ ወዲያውኑ በጨለማ ድንኳን ውስጥ ማጠብ ነበረበት። መስታወቱ ከደረቀ ሥራው ይበላሻል። የሚነሣውም ሰው ለበርካታ ሰኮንዶች ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። በጥንታዊ ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ኮስታራ ፊት የሰዎቹ ጠባይ ምስክር ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ፈገግታን ለረጅም ጊዜ ሳያናውጡ መያዝ ስለሚከብድ፣ ፊትን ማጥበቅ የሙያው ግዴታ ነበር።

የልዑል ዓለማየሁ ምስል

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በመንገድ ላይ በሕመም ዐረፉ። በዚያው ዓመት ክረምት ታዋቂዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ልጁን በዋይት ደሴት አነሣችው። ፊቱ ያዘነ፣ ዓይኖቹ ከካሜራው የራቁ ናቸው።

ካሜሮን ከምስሎቹ ሥር ርእስ ጻፈች። በአንደኛው ልዑሉን «ደጃች ዓለማየሁ» ብላ በኢትዮጵያ ማዕረጉ ጠርታዋለች። በሌላው ከልጁ ጋር የተነሣውን ሞግዚቱን ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲን በኢትዮጵያ በሚጠራበት ስሙ «ባሻ ፈለቀ» ብላዋለች። ካሳ የሚባል አገልጋይም በአንዱ ምስል ላይ ከነስሙ ተመዝግቧል። ልዑሉ በ1872 ገና በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር አርፎ በዊንድሰር ተቀበረ። አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ያን ልጅ ዛሬ የሚያየው ሁሉ ማንነቱን የሚያውቀው በምስሉ ሥር በሰፈሩት ጥቂት ቃላት ነው። አገልጋዩ ካሳም ቢሆን ከመረሳት የዳነው በአንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

የአባቱ የዐፄ ቴዎድሮስ ጉዳይ የተለየ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ተብለው የሚሰራጩት ምስሎች በእጅ የተሣሉ እንጂ በካሜራ የተነሡ አይደሉም። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ግን ከልጃቸው ከራስ አርአያ ሥላሴ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ በሰፊው ይታወቃል።

የነገሥታትና የመኳንንት ፎቶግራፎች

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ካሜራ በቤተ መንግሥቱ የተለመደ ነገር ሆነ። በ1871 ወደ ሸዋ የመጣው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በንጉሠ ነገሥቱ አማካሪነት ባገለገለባቸው ዓመታት ብዙ ፎቶግራፎች አነሣ። ስብስቡ ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ይገኛል። በምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ላይ ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ሙያው ከእርሱ ወደ ልጆቹ ተላልፎ፣ ሃይጋዝና ቶኒ ቦያጂያን በንግሥት ዘውዲቱና በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሠርተዋል።

የመኳንንቱ የውጭ አገር ጉዞም ብዙ ምስል አስገኝቷል። ራስ መኮንን በ1894 ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ለንደን በሄዱ ጊዜ ላፋየት በተባለው ስመ ጥር ፎቶ ቤት ተነሥተዋል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲጓዙ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ አብረዋቸው ነበሩ። በየደረሱበት ከተማ በቡድን የተነሡባቸው ፎቶግራፎች የዘመኑን መኳንንት አለባበስና የደረጃ ቅደም ተከተል በግልጽ ያሳያሉ።

የአምባሰል ተወላጅ የሆኑት እቴጌ መነን ከባለቤታቸውና ከስድስት ልጆቻቸው ጋር የተነሡባቸው ምስሎች ደግሞ የቤተሰብ ፎቶግራፍ አርአያ ሆነው በብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ ይታዩ ነበር። አባትና እናት ተቀምጠው፣ ልጆች እንደ ዕድሜያቸው ቆመው የሚነሡበት አቀማመጥ በየከተማው ፎቶ ቤት የተለመደ ነው።

በእነዚህ የመኳንንት ምስሎች ላይ አንድ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። በመሐል የተቀመጡት ሰዎች ስም ይታወቃል፤ በዳር የቆሙት ግን በአብዛኛው ስም የላቸውም። ጋሻ ጃግሬው፣ ጃንጥላ ያዡ፣ ደንገጡሯና ሞግዚቷ ከጌቶቻቸው ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይታያሉ። እነርሱም ዛሬ በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች አያቶችና ቅድመ አያቶች ናቸው። ስለዚህ የአንድ መኰንን ፎቶግራፍ ለመኰንኑ ዘሮች ብቻ ሳይሆን ለሌሎች ብዙ ቤተሰቦችም ቅርስ ሊሆን ይችላል።

ከጎንደር ወደ ውጭ የወጡ ምስሎች

በውጭ ተጓዦች የተነሡ ብዙ ምስሎች የሚገኙት ከአገር ውጭ ነው። ዣክ ፋይትሎቪች ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎንደር አካባቢ ወደሚኖሩት ቤተ እስራኤል ተመላልሶ ማኅበረሰቡን በፎቶግራፍ መዝግቧል። ዛሬ በእስራኤል ለሚኖሩ የጎንደር ቤተ እስራኤል ልጆች እንዲህ ያሉ ምስሎች የአያቶቻቸው መንደር መታሰቢያ ናቸው።

በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የምርምር ቡድንም በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር ለወራት ሰንብቶ ነበር። ሚሼል ሌሪስ የተባለው የቡድኑ አባል መልካም አያሁ ከተባሉት ታዋቂ የዛር ባለሙያና ከቤተሰባቸው ጋር ተቀራርቦ ሲጽፍ፣ ቡድኑ ፎቶግራፎችን አንሥቷል። ስብስቡ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛል። የመልካም አያሁ ስም በጽሑፍ ስለ ተያዘ ምስላቸውም ማንነቱን አላጣም።

ፎቶ ቤትና የከተማው ቤተሰብ

ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ ፎቶ ቤቶች ከአዲስ አበባ አልፈው ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ከተሞች ተስፋፉ። በደሴ፣ በጎንደር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በደብረ ብርሃን ቤተሰብ አጊጦ ወደ ፎቶ ቤት መሄድ የበዓል፣ የሠርግ፣ የክርስትናና የምረቃ ሥርዓት አካል ሆነ። በሸራ ላይ የተሣለ መጋረጃ፣ የወንበርና የጠረጴዛ አቀማመጥ፣ የወረቀት አበባ፣ አንዳንዴም ራዲዮ ወይም ስልክ የፎቶ ቤቱ ዕቃዎች ነበሩ። ባለቀለም ፊልም ሳይስፋፋ በፊት ጥቁርና ነጩን ምስል በብሩሽ እየቀቡ ከንፈርን፣ ጌጥንና ጥለትን ማቅለም ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

ፎቶግራፉ የመልእክት መላኪያም ነበር። ለትምህርት ወይም ለሥራ ርቆ የሄደ ልጅ ምስሉን ለወላጆቹ ሲልክ ከጀርባው «ለማስታወሻ ይሁን» ብሎ ስሙን፣ ቀኑንና የተነሣበትን ከተማ ይጽፍ ነበር። ያ የጀርባ ጽሑፍ ዛሬ ለታሪክ ተመራማሪ ከፊተኛው ገጽ የማያንስ ዋጋ አለው።

ፎቶግራፍ ያስፈራበት ዘመንም ነበር። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ከመኳንንት ጋር የተነሡበትን ምስል የሸሸጉ፣ የቀደዱና ያቃጠሉ ቤተሰቦች ጥቂት አልነበሩም። በቀይ ሽብር ጊዜም ከተያዘ ሰው ጋር በአንድ ፎቶግራፍ መታየት ለጥርጣሬ ይዳርግ ነበር። በአንጻሩ በዚያው ዘመን የተገደሉ ወጣቶችን ማስታወስ የተቻለው በፎቶግራፍ ነው። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ግድግዳዎቹ በተገደሉት ሰዎች ምስሎች ተሸፍነዋል። በሕይወት ሳሉ ለተራ ጉዳይ የተነሡት ምስል የሕይወታቸው ምስክር ሆኗል።

የገጠሩ ቤተሰብ ምስል

በገጠር ፎቶግራፍ ዘግይቶ የገባ ነገር ነው። ለብዙው ገበሬ የመጀመሪያው ምስል በገበያ ቀን ወደ ከተማ ወርዶ የተነሣው ወይም ለጥምቀት በዓል ከመጣ ፎቶ አንሺ ያገኘው ነበር። ከ1967 በኋላ የገበሬ ማኅበራትና ቀበሌዎች ሲቋቋሙ መታወቂያ ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉርድ ፎቶግራፍ ብዙ ሰዎችን ወደ ፎቶ ቤት ወሰደ።

በአማራ ክልል ደግሞ ከ1995 ገደማ ጀምሮ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀመር፣ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን እንዲሰፍር ተደረገ። ዓላማው ሚስት በጋራ ይዞታው ላይ ያላትን መብት በግልጽ ማረጋገጥ ነበር። በአንዳንድ ገጠር ቤቶች ያለፉት አባትና እናት አንድ ላይ የሚታዩበት ምስል በዚያ ደብተር ላይ ያለው ብቻ ነው። ከቤተሰብ አልበም ጋር ሲነጻጸር ደብተሩ አንድ ብልጫ አለው፦ ምስሉ፣ ሙሉ ስሙ፣ ቀበሌውና ማኅተሙ በአንድ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ደብተሩ ሲታደስ ወይም ለወራሽ ሲተላለፍ፣ የቀድሞውን ገጽ አስቀድሞ በሞባይል ስልክ አንሥቶ ማስቀመጥ የቤተሰብን ታሪክ ያድናል።

አሮጌ ፎቶግራፍ እንዴት ይነበባል?

ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ሁሉ ዲዳ አይደለም። በጥንቃቄ ሲታይ ዘመኑንና የሰዎቹን ሁኔታ የሚጠቁሙ ብዙ ምልክቶች አሉት።

የመጀመሪያው ምልክት ማዕረግ ነው። በምስሉ ላይ ወይም በጀርባው የተጻፈ ማዕረግ ዘመንን ያጠብባል። ለምሳሌ «ንጉሥ ተፈሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፎቶግራፍ የተጻፈበት ከመስከረም 1921 እስከ መጋቢት 1922 ባለው ጊዜ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። ከዚያ በፊት ራስ፣ ከዚያ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩና። የወሎው ንጉሥ ሚካኤልም እስከ 1906 የሚጠሩት ራስ ሚካኤል ተብለው ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ከመንገሣቸው በፊት ራስ አዳል ነበሩ። በየቤቱ ያሉ የግራዝማች፣ የቀኛዝማችና የፊታውራሪ ማዕረጎችም ሹመቱ የተሰጠበት ዓመት ከታወቀ ለዚሁ ያገለግላሉ። አንዳንድ ጊዜ የሚጻፈው የፈረስ ስም ነው። አባ ዳኘው ዐፄ ምኒልክን፣ አባ ሻንቆ ንጉሥ ሚካኤልን፣ አባ ጠቅል ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ያመለክታል።

ሁለተኛው አለባበስ ነው። ለምድ፣ ካባ፣ የአንበሳ ጎፈርና በብር ያጌጠ ጋሻ የጦር ሹመትንና ክብርን ያሳያሉ። የነጠላ አጣጣልም ይናገራል። በኀዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት ይዞራል። በታላቅ ሰው ፊት የቆመ ሰው ሸማውን አደግድጎ ይታያል። በ1933 ድል ማግሥት የተነሡ አርበኞች በዱር በገደል ያሳደጉት ጎፈሬ ከማንም ይለያቸዋል።

ሦስተኛው ጸጉርና ጌጥ ነው። ቁንጮ ሕፃንነትን፣ ጋሜ ያላገባች ልጃገረድነትን፣ ሙሉ ሹሩባ ያገባች ሴትነትን ሲያመለክት ኖሯል። ድሪ፣ ጉትቻ፣ አምባርና አልቦ የቤቱን ሀብትና የአካባቢውን የአንጥረኛ ሥራ ያሳያሉ።

አራተኛው የምስሉ አቅጣጫ ነው። ነጋቲቩ ተገልብጦ ከታተመ ግራው ቀኝ ይሆናል። በባህላዊው ትጥቅ ጎራዴ የሚታጠቁት በቀኝ ጎን ስለ ነበር፣ በጥንታዊ ምስል ላይ ባለ ለምድ ሰው ጎራዴው በግራው ከታየ ምስሉ መገልበጡን መጠርጠር ተገቢ ነው። በአውሮፓ ዓይነት የደንብ ልብስ ላይ ግን ይህ መለያ አይሠራም። በምስሉ ውስጥ የሚታይ ጽሑፍ ካለ ደግሞ የተሻለ ማረጋገጫ ነው።

አምስተኛው ወረቀቱ ራሱ ነው። ስስና ቢጫማ ሆኖ በወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ ምስል ብዙውን ጊዜ የ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ ወረቀት በእንቁላል ነጭ ይቀባ ስለ ነበር እያደር ይወይባል። ጥላዎቹ እንደ ብር የሚያንጸባርቁ ጥቁርና ነጭ ምስሎች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ወደ ቀይ ያደላ ባለቀለም ምስል ደግሞ ቀለሙ የሸሸ የቅርብ ዘመን ፎቶግራፍ ነው። የፎቶ ቤት ማኅተም ከኋላ ካለ ከተማውን ይነግራል።

የተሳሳተ ስም የሚያስከትለው ጉዳት

ፎቶግራፍ እውነትን እንደሚያሳይ ሁሉ ለማሳሳትም ሊውል ይችላል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን በተሻሩበት ወቅት፣ የሙስሊም ልብስ ለብሰው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለፖለቲካ ዓላማ ይዘዋወር ነበር። ምስሉ በእጅ የተቀናበረ ነው የሚለው ክስ እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል።

ዛሬ ደግሞ በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች አንድ ምስል በተለያዩ ሰዎች ስም ሲሰራጭ ይታያል። የአንዱ አርበኛ ፎቶግራፍ ለሌላው ይሰጣል፤ ማንነቷ ያልታወቀች ወይዘሮ የእቴጌ ስም ይለጠፍባታል። ጉዳቱ ሁለት ነው። ታዋቂው ሰው የራሱ ያልሆነ መልክ ይሰጠዋል፤ በምስሉ ላይ ያለው እውነተኛ ሰው ደግሞ ከዘሮቹ ይነጠቃል። ስለዚህ በፎቶግራፍ ላይ ስም ሲጻፍ መረጃው ከማን እንደ ተገኘ አብሮ መጻፍ ይገባል። የተረጋገጠውን «ነው»፣ የተገመተውን «ይመስላል» ብሎ መለየት ኋላ ለሚመጣው ትልቅ እገዛ ነው።

ስሙን ከሽማግሌዎች መቀበል

የአካባቢው ሕዝብ የዘር ሐረግን በቃል የመያዝ ጠንካራ ልማድ አለው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ለርስትም ሐረግ ይዘረዘር ነበር። በየመንደሩ ይህን ቆጠራ የሚችሉ አዛውንት አሉ። ፎቶግራፍ የሚደርሰው ቢበዛ ወደ አራትና አምስት ትውልድ ነው። የአዛውንቱ ትውስታና የሣጥኑ ፎቶግራፍ ሲገናኙ ግን አንዱ ሌላውን ይሞላል። ቆጠራው ለምስሉ ስም ይሰጠዋል፤ ምስሉም ለስሙ መልክ ይሰጠዋል።

ይህን ለመሥራት በዓልና የቤተሰብ ጉባኤ ምቹ ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ምስል እነዚህን መጠየቅ ይበቃል፦ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን ናቸው? የማን ልጆች ናቸው? የክርስትና ስም ወይም የፈረስ ስም አላቸው? የት ተነሡ? በምን ምክንያት? በዚያ ጊዜ ከልጆቹ ማን ተወልዶ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ጠቃሚ ነው። ብዙ አዛውንት ዓመቱን ባያስታውሱትም «ታላቋ ልጄ ስትድር ነው»፣ «ሁለተኛው ልጅ ጡት ሳይጥል ነው» ብለው ዘመኑን ይጠቁማሉ። በዳር የቆመችውን አገልጋይ ወይም ጎረቤት ማን እንደ ሆነች መጠየቅም አይዘነጋ።

ለዓይናቸው ለደከሙ አዛውንት ምስሉን በስልክ አንሥቶ ማጉላት ፊቱን ለመለየት ይረዳል። ሲናገሩ ድምፃቸውን በፈቃዳቸው መቅዳት ደግሞ ከጽሑፍ የሚያመልጠውን ሁሉ ይይዛል።

ምስሉን ከጉዳት መጠበቅ

የፎቶግራፍ ዋና ጠላቶች ጭስ፣ እርጥበት፣ ፀሐይ፣ አይጥና ሙጫ ናቸው። በምድጃ ጭስ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምስል ቶሎ ይጎዳል። የሚመከረው ዋናውን በደረቅና ቀዝቃዛ ክፍል በካርቶን ሣጥን ማስቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ ደግሞ ቅጂውን መስቀል ነው። በየምስሎቹ መካከል ንጹሕ ነጭ ወረቀት ማድረግ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይከላከላል። በፌስታል አጥብቆ መቋጠር እርጥበትን ስለሚያፍን አይመከርም።

ምስሉን በጠርዙ መያዝ፣ ፊቱን በጣት አለመንካት፣ በውኃ ወይም በሳሙና አለመጥረግ ያስፈልጋል። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ወይም ላሚኔት ማድረግ ለጊዜው የሚጠብቅ ቢመስልም ኋላ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል። ከክፈፉ መስታወት ጋር የተጣበቀ ምስል በግድ ቢላቀቅ ፊቱ ስለሚገፈፍ፣ ከነመስታወቱ ማንሣቱ ይሻላል። ስም ለመጻፍ እስክሪብቶ ሳይሆን ለስላሳ እርሳስ መጠቀም፣ እርሱንም በጀርባው ጠርዝ ላይ ሳይጫኑ መጻፍ ይገባል። የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ገጹ ሊሰርግ ይችላል።

በስልክ ለማንሣት ምስሉን በደመቀ ጥላ ውስጥ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ማስቀመጥ፣ ፍላሹን ማጥፋት፣ ስልኩን ከምስሉ ጋር ትይዩ አድርጎ መያዝ ይበቃል። ፊቱም ጀርባውም ይነሣል። በቴሌግራም ለዘመድ ሲላክ እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ቢላክ ጥራቱ አይቀንስም። ቅጂው በአንድ ስልክ ብቻ ከቀረ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና፣ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ቢቀመጥ ይመረጣል። በውጭ አገር የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት በዚህ ረገድ ጥሩ አጋዥ ሊሆኑ ይችላሉ።

የጋራ ስብስቦች

ከቤተሰብ አልፎ ለታሪክ የሚጠቅሙ ፎቶግራፎችን የሚይዙ ተቋማት አሉ። በ1936 የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የተነሡ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎችን ሰብስቦ አቅርቧል። በቅርብ ዓመታትም ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው የወጣቶች ሥራ የተራ ነዋሪዎችን የቤተሰብ ምስሎች አሰባስቦ በ2018 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል።

የጎንደርና የጎጃም፣ የወሎና የሰሜን ሸዋ ቤተሰቦች ሣጥኖች ግን እስካሁን ያልተከፈቱ መዝገቦች ናቸው። ምስሉን ለተቋም መስጠት የግድ አይደለም፤ ዋናው በቤት ቀርቶ ቅጂው ከነስሙ ቢመዘገብ ለሁሉም ይበቃል። ወረቀቱ አንድ ዓመት ቢዘገይ ብዙም አይለወጥም። ስሙን የሚያውቁት አዛውንት ግን ለሚቀጥለው ዓመት በዓል ላይደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሚቀድመው ጥያቄውን መጠየቅ ነው፤ ሣጥኑና ካርቶኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።